የኦሊቫ ኮከባኤን ስም ያወጡትና ራሳቸው የሻሩት የመምህር ምንይሉ ይሥሐቅ የሕይወት ታሪክ

መምህር ምንይሉ ይሥሐቅ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይሥሐቅ በላይነህ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ኢየሱስ ማሞ በ1945 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በአባታቸው ዘንድ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመሐል ሜዳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በመካከል ዘመቻ ወጥተው ስለነበር የተመረቁት በ1970 ዓ.ም. ነው። ያጠኑትም ሥነ ሕይወት ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ምጽዋ ተመደቡ። ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው። እናታቸው ሰው ልከው «ከዚያ ቃጠሎ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብለው ቢያስጠይቋቸው፣ «ገና ስም ያልወጣለት ፍጡር እፈልጋለሁ በሏት» ብለው መመለሳቸውን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያነሣዋል።

በ1974 ዓ.ም. የመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተወላጅ የሆኑትንና በምጽዋ በነርስነት ያገለግሉ የነበሩትን ወ/ሮ ኮከብ አፈወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። በዓመቱ ልጃቸው ጽናት ተወለደች። ሆኖም ትዳሩ ብዙ አልሰነበተም። ወ/ሮ ኮከብ በ1978 ዓ.ም. በወባ ታመው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ምጽዋ ነው። ሕፃኗን የእናቷ እናት ወደ መርሐቤቴ ወሰዷት። መምህር ምንይሉ ብቻቸውን ቀሩ።

ያን ዘመን ሲያነሡ፣ ባሕሩ እስኪሸሽ ጠብቀው ባዶው አሸዋ ላይ ይመላለሱ እንደነበር ለእኛ ለእህታቸው ልጆች ያወሩን ነበር። ይፈልጉ የነበረው ኦሊቫ የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ዛጎሉ የወይራ ፍሬ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው፤ ሰው ወልውሎ ያስቀመጠው እስኪመስል ያብረቀርቃል። አንድ ቀን ውጭው የጠቆረ፣ አፉ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ዓይነት አገኙ። በእጃቸው ባሉት መጻሕፍት ሁሉ ቢፈልጉ አጡት። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ዛጎሎቹን በሸሚዛቸው ጠቅልለው ከምጽዋ ወጡ፤ አዲስ አበባ ገብተውም በመምህርነት ተቀጠሩ።

በ1986 ዓ.ም. ያገኙት አዲስ ዝርያ መሆኑን ገልጸው በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተሙ። ስሙንም «ኦሊቫ ኮከባኤ» አሉት፤ የኮከብ ኦሊቫ ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ የባለቤታቸው መቃብር ድንበር ማዶ ቀርቶ፣ ሄደው አፈሩን እንኳ ማየት አይችሉም ነበር። ጽናት ግን በትምህርት ቤቷ «እናቴ ባሕር ውስጥ ስም አላት» እያለች ትኮራ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. አውሮፓ ወደሚገኝ ቤተ መዘክር ተጋብዘው ሄዱ። በዚያ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የተሰበሰቡ ኦሊቫዎችን ጎን ለጎን ደርድረው ሲያዩ፣ ከነጩ እስከ ጥቁሩ፣ ከነጭ አፉ እስከ ብርቱካንማው፣ መሐል ላይ የሚቆረጥበት ቦታ አጡ። የተለየ የመሰላቸው ሁሉ የአንድ ዝርያ የቀለም ልዩነት ነበር። ዝርያው ደግሞ ከብዙ ዘመን በፊት ስም የወጣለት ነው። በዚህ ሙያ ሕግ ለአንድ ፍጡር ሁለት ስም ከወጣለት የቀደመው ይጸናል፤ የኋለኛው ይቀራል። ይህን ሌላ ሰው ልብ አላለውም ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰሉ ቆይተው በ2000 ዓ.ም. ስሙን ራሳቸው ሻሩት።

ጽናት ያን ጊዜ በዓለም ከተማ መምህርት ነበረች። ስትሰማ ደወለችላቸው።

«አባባ፣ ማንም እኮ አልጠየቀዎትም። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ ቀበሯት» አለቻቸው።

«ልጄ፣ የኔ ስህተት ነው። በስህተት ላይ እናትሽን ላቆማት አልችልም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለዓመታት ቤታቸውን አልረገጠችም።

በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው መሐል ሜዳ ገቡ። ሰው ያከብራቸው ነበር፤ ነገር ግን ሥራዬ ብለው የኖሩበትን የሚያዋያቸው አልነበረም። በመንዝ ብርድ ባና ደርበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኛ የእህታቸው ልጆች ልንጠይቃቸው ስንሄድ በር ላይ አይሰናበቱንም። መናኸሪያው ድረስ ይመጣሉ፤ መኪናው እስኪሞላ አብረውን ይቆማሉ፤ ሲነሣም ከዐይን እስክንሰወር አይንቀሳቀሱም።

በ2011 ዓ.ም. ወደ አስመራ መንገድ ሲከፈት፣ እሳቸው ለጉዞ መነሣታቸውን ጽናት ከዘመድ ሰማች። ሳትነግራቸው መጥታ «ብቻዎን አይሄዱም» አለቻቸው። ምጽዋ ደርሰው የወ/ሮ ኮከብን መቃብር ቢፈልጉ፣ የእንጨት መስቀሉ ጠፍቶ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታቸው። በመቃብሮቹ መካከል ቆመው ጸለዩ። ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ጽናት ከአሸዋው አንድ ጥቁር ዛጎል አንሥታ «ይኼ ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ዛጎሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ የቀደመውን፣ እውነተኛውን ስሙን ነገሯት። እስኪቀናት ድረስ እየደጋገመች ጠራችው፤ እሳቸውም ያርሟት ነበር።

ከጉዞው በኋላ እሷ ወደ ሥራዋ፣ እሳቸውም ወደ መሐል ሜዳ ተመለሱ። በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣላቸው ነበር፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው ብቻቸውን አሳለፉት።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሐኪም ቤት በገቡበት ቀን ነርሷ «አባቴ፣ አስታማሚ አለዎት?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ አልጋቸው አጠገብ ወደ ቆመችው እያመለከቱ «ልጄ አለች» ብለው መልሰዋል።

ልጃቸውን መምህርት ጽናት ምንይሉን፣ እህታቸውን ወ/ሮ አመተሥላሴ ይሥሐቅንና እኛን የእህታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል።

ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብቸኝነት በሌለበት አገር፣ በቅዱሳኑ ማኅበር መካከል ያኑርልን፤ ለልጃቸው፣ ለእህታቸውና ሊሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ መጽናናትን ያድልልን። አሜን።