ቁርጥ የማያውቅ ቆራጭ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእህት ዓለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ሲቀዘቅዝ የሚነሳብሽ ወገብሽ ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ዛሬም መርፌውን ክር እኔ ካላጎረስኩት ብላ ከልጆቹ ጋር ትጣላለች? ጋሼ ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ እንደ ወትሮው ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ አይደለም፤ ከምሬ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ስፌት ቤታችን ጨርቅ ቆራጭ ላዋየሁሽ ነገር፣ ዓይን አፋር ሰው ጊዜ ይፈልጋል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ታገሺው ብለሽ መክረሽኛል። እህት ዓለም፣ ምክርሽን ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ ይሄኛውን ግን አልሰማሁም። እኔ እንኳን ላፈስ፣ የሚፈስ ነገርም እጄ አልገባ።

እስቲ አንቺው ፍረጂ። የሱ ጠረጴዛ ከኔ ስፌት መኪና አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት የኔን ጨርቅ ከሁሉ አስቀድሞ ይቆርጥልኛል። ሸሚዝ ሲሆን ደግሞ ግራ ደረቱ ላይ በጠመኔ ልብ ይሥልበታል። ምንድን ነው ስለው፣ ኪስ የሚገባበት ምልክት ነው ይለኛል። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ኪሱን በምልክቱ ልክ፣ እንዳለ በልብ ቅርጽ ሰፋሁት። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ማዳም የምንላቸው፣ እየተቆጡ አስፈቱኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን ይቆርጣል፤ ጥፋቱ የኔ ነው አላለም።

ሁለታችን ብቻ ስንሆን የኔ ዓለም ይለኛል። ሰው ሲገባ፣ እህታችን እስቲ መቀሱን አቀብይን ይላል። እናትና አባታችን አንድ ይመስል! አንድ ቀን ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ ለኔ ሰጥቶ ራሱ እየበሰበሰ ይሸኘኛል፤ በማግስቱ የእግዜር ሰላምታ ይነፍገኛል። ሐሳቡን ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ፣ እናያለን። ምኑን ነው የምናየው?

ይሄ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት ነበር። ግን ማዳም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሁለተኛ ስፌት ቤት ከፍተው፣ ኃላፊ ሆነሽ ሂጂልኝ አሉኝ። ስንት ጊዜ የተመኘሁትን ነገር! እሺ ማለት ሲገባኝ ላስብበት ብዬ አቆየኋቸው። የማስበው ሥራውን እንዳልነበር አንቺ ታውቂያለሽ። በመጨረሻ ታከታቸውና፣ እስከ ቅዳሜ ካልቆረጥሽ ሌላ ሰው እልካለሁ አሉ። ለሱ ስነግረው መጀመሪያ ጥሩ ነው አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ፣ ሩቅ ነው እንጂ አለ፤ ከዚያ ያቺን እናያለንን አስከተለ። ጨርቅ ይቆርጣል እንጂ ነገር አይቆርጥም። ቆራጭ ነው እንጂ ቆራጥ አይደለም።

ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? የዘፈን ሚክስ ሠራሁ።

ስፌት ቤት ዘፈን የምከፍተው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ዘፈን ስመርጥ ዋልኩ። አንዱ ነይ ሲል፣ ቀጥሎ ሂጂ የሚለውን አስገባሁ። አንዷ ያላንተ አልኖርም ስትል፣ ሌላዋ ደግሞ አንተ ማነህ ትላለች። መጀመሪያ ላስማማቸው ሞክሬ ነበር፤ ዜማው አልገጥም አለኝ። ኋላ፣ እኔስ ምን ገጥሞልኝ ያውቃል ብዬ ተውኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ዘፈን ልክ አዝማቹ ላይ ሲደርስ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን ስቦ እወድሻለሁ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ቆረጥኩት። ሌላው ይጀምራል፤ እሱም አዝማቹ ላይ ቁርጥ። የመጨረሻውን ብቻ አልነካሁትም። አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የምትዘፍነው ነው፤ አዝማቹ ጣሪያ ይነቅላል።

ዓርብ ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። መጀመሪያ እስፒከሩ የተበላሸ መሰላቸው። ልብስ የምትተኩሰዋን ሴት ተኳሿ ነው የምንላት፤ በካውያም በአፏም ስለምትተኩስ። እሷ ካውያዋን አቁማ፣ ኧረ በናትሽ አንዱን አስጨርሺን፣ ማስነጠሱ መጥቶ እንደቀረበት ሰው አደረግሽን እኮ ብላ ጮኸች። ቁልፍ የሚተክሉት አዛውንት ግን፣ ተያት፣ ለኔ ገብቶኛል ብለው ሳቁ። ቀስ በቀስ ለሁሉም ገባቸው። አዝማቹ በቀረ ቁጥር ሁሉም ዓይኑን ወደ መስኮቱ ሥር ይወረውራል።

እሱ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ወደኔ መጣ። አልዋሽሽም፣ አሁን ሊናገር ነው ብዬ መኪናዬን አቆምኩ። ይሄን ማን ነው የቆረጠው፣ መቁረጥ የማይችል ሰው ነው አለኝ። ካንተ ነው የተማርኩት አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለኔ ነው እንዴ አለ። እኔ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። አዎ ላንተ ነው፣ ትፈልገኛለህ ወይስ አትፈልገኝም፣ ቁርጤን ልወቅ አልኩት።

መኪናው ሁሉ ቆመ። እሱ እኔን ሳይሆን ሰዉን አየ። ከዚያ፣ እህታችን ዛሬ ተናዳለች ብሎ ሳቀ።

በዚህ መሐል የመጨረሻው ዘፈን ጀመረ፤ አዝማቹም ማንም ሳይቆርጠው መጣ። ተኳሿ አብራ ዘፈነች፤ አዛውንቱ አጨበጨቡ። እኔ ተነስቼ ማዳም ዘንድ ገባሁና እሄዳለሁ አልኳቸው።

ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ጠበቀኝ። አልተነጋገርንም እኮ፣ ምን አስቸኮለሽ አለኝ። በዝናቡ ውስጥ አልፌው ሄድኩ። እስከ አጥንቴ በስብሼ ቤቴ ገባሁ፤ ልብሴን እየጨመቅኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከፍቶኛል፣ አልክድሽም። ግን አሁን ምን እንደከፋኝ አውቃለሁ፤ በፊት ይሄንንም አላውቅም ነበር። አበዛሽው፣ ሰው ፊት አዋረድሽው ልትዪኝ ነው። በዪኛ! ሰው ፊት እህታችን እየተባለ ማን ሲዋረድ ኖረ? ይቅርታ አልጠይቅም፣ ወደኋላም አልመለስም። መልስ ስትጽፊ አበጀሽ ወይም አጠፋሽ በዪኝ፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ። እናያለን ብለሽ እንዳትጽፊልኝ ብቻ።

ጋሼን ሰላም በዪልኝ፤ አንቺን በፈለገ ጊዜ እፈልግሻለሁ ብሎ የጨረሰ ሰው ነውና አከብረዋለሁ። ነገረኛዋን ልጅሽን ሚጣን፣ ዘፈኖቹን ከነአዝማቻቸው እልክልሻለሁ በያት። የትንሹን ልጅሽን የድምቡሼን ጉንጭ ነክሰሽ ሳሚልኝ። እማዬን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳሚልኝ። ያ ሰውዬስ ምን ደረሰ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ተቆረጠ በያት።

ታናሽ እህትሽ፤
ከኪራይ ክፍሌ፣ የታሰረ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ በምጀምርበት ዋዜማ