ጉዳዩ፦ የሚካን ጾታ ስለማጣራት

ውድነሽዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው የማይን ወንዝ ነው፤ እኔ ግን ፍራንክፈርት መጥቼ በቅጡ ያየሁት የእህቴን ሶፋ ነው። ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈሯ ቁጭ ብዬ ከልጇ ከሰገን ጋር ተከታታይ የልጆች ፊልም አያለሁ። የባለታሪኩ ስም ሚካ ነው። ሚካ ወንድ ይሁን ሴት ፊልሙ አይናገርም፤ ሆን ተብሎ ነው አሉኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወረዳ ተቀምጬ የልደት ቅጽ የሞላሁ ሴት ባዶ ሣጥን አይቼ አላልፍም። ጫማ አየሁ፣ ፀጉር አየሁ፣ እነሚካ ቤት ሳህን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ሳይቀር አጣራሁ። ሁሉም ያጥባሉ! ቢቸግረኝ ሰገንን ጠየቅኳት።

«ኤጋል!» አለችኝ፤ ምን ቸገረሽ ማለቷ ነው። «ብታውቂስ ምን ልታደርጊ ነው?»

እዚያ መስኮታችን ላይ ባለጉዳይ እንዲህ ቢለኝ «ነገ ተመለስ» እለው ነበር። እዚህ ግን ወደ ፊልሙ ዞርኩ።

ዛሬ የሚካ ጀልባ በማዕበል ተገለበጠች። ሶፋው ላይ ስነፋረቅ እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «ለማን እንደምታለቅሺ እንኳ አታውቂም እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«አውቃለሁ፤ ለሚካ ነው» አልኳት።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፣ የቢሮ ልጆችን ሰላም በይልኝ፣ ባለጉዳይ አታጉላዪ። ደግሞ እንዳትጨነቂ፣ ሚካን በሕይወት አወጡልን!

ሰብለወንጌል