ሚምብሬውን የነካ ወየውለት

ለአበልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ሻል አለሽ? እናንተ ያላችሁበት ኤርሞሲዮ ከተማ ሙቀቱ ከወዲሁ ጀመረ አሉ፤ እዚህ ወንዙ ዳር ገና ማታ ማታ ይበርዳል። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባልሽ ኦክታቪዮ ማክሰኞ መጋዝ ይዞ መጣ። ላንቺ ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም፤ የሆነውን እኔ ልንገርሽ። ልጅሽ ራሚሮ እዚህ ትተሽው በሄድሽው ቤት ደጃፍ ላይ የተከለውን የሚምብሬ ዛፍ ሊቆርጥ ነው የመጣው። ደርቋል፣ ለመኪናዬ ማቆሚያ ሲሚንቶ ላፈስበት ነው፣ እሷም ፈቅዳለች አለኝ። አንተ ሰውዬ፣ ገና መጋቢት እኮ ነው፣ ሚምብሬ ከዛፍ ሁሉ መጨረሻ ነው የሚያቆጠቁጠው ስለው ሳቀብኝ። ለማገዶ ነው እንዴ የምትሟገቺው አሮጊት፣ አለኝ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፍቄ አረንጓዴውን ሳሳየው ዞር ብሎም አላየ። ግንዱ ላይ ተጠምጥሜ በል ከነነፍሴ ቁረጠው ስለው ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ አፍሮ ሄደ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሏል።

እውነት ፈቅደሽለታል? ያን ልጅ እኮ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ! ያ ባልሽ በሰው ፊት በጥፊ ሲያጮለው ዝም አልሽ። ልጁ ወጥቶ ሲቀር በረሃ በላው ብለሽ ሬሳ ሳታዪ ጥቁር ለበስሽ። አሁን ደግሞ የተከለውን! አንጀቴ ነው ያረረው፣ አበልጄ።

በየቀኑ ውሃ እያፈሰስሽ ሥሩን ልታበሰብሺው ስትይ፣ እማዬ ተይው፣ ይጠማ፣ ሲጠማ ነው ሥሩን ወደ ታች የሚሰደው እያለ ቱቦውን የሚነጥቅሽ እሱ ነበር። አሁንም እሱ በሚወደው መንገድ ነው የሚጠጣው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ፣ እስኪጠግብ። ባልዲ የተሸከምኩት እኔ እንዳይመስልሽ፤ ወገቤን ታውቂዋለሽ።

አርብ ነይ። ብቻሽን ነይ፣ ለዚያ ሰውዬም ትንፍሽ እንዳትይ። ጥቁሩን ልብስሽንም እዚያው ተይው። የጓዳሉፔዋ እመቤታችን መንገድሽን ትጠብቅ፣ ልብ ትስጥሽ።

ስትመጪ ታማል፣ ያንን የበቆሎ ሊጥሽን፣ በቅጠሉ ጠቅልለሽ አምጪ፣ በርከት አድርጊው፣ ቃሪያ እንዳታስገቢበት። እኔ ያለ ቃሪያ እንደማልቀምስ ታውቂያለሽ። ያለ ቃሪያ የሚበላው ማን እንደሆነ ደግሞ እናት ከሆንሽ አትረሺም።

የተቆጣችሽ አበልጅሽ