ጀባ አይመለስም

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
ገና መንቃቴ ነው። አፌ መሮኛል። ልብስ ዘፍዝፌያለሁ፤ መጠጥ ቤት የምገባው 12 ሰዓት። ትናንት ጤ/ጣቢያ ነርሷ ጠየቀችኝ፦ ሴተኛ አዳሪነት ያስገባሽ ጫትና መጠጡ ነው ወይስ ሥራው ነው እነሱን ያስለመደሽ? ሳቄ መጣ። ካርዴን ተቀብያት ወጣሁ። ላንተ ግን ልንገርህ፣ ደብተሬ። ክር ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ። እንቅልፍ ማሽኑ ላይ ሊደፋኝ ሲል አንዷ ከራሷ ጫት ቀንጥባ ጀባ አለችኝ። ጀባ አይመለስም፤ ነውር ነው። ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጫት ቤት የማይጠፋ አንድ ሰውዬ ምርቃናውን መስበሪያ ቢራ ጋበዘኝ። ጨብሲ ይሉታል። ከፈረቃ ቀረሁ፣ ተባረርኩ። ቢራ ጋባዡ ሰውዬ ግን አልቀረም፤ አንድ ቀን ውለታውን ፈለገ። ማንም አልሸጠኝም። ሁሉም ጀባ ነው ያሉኝ። እንዳታዝንልኝ ደግሞ! አልወድም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ ጠዋት
ዘነበች በሬን አንኳኳች። ግድግዳ ነው የሚለየን፤ ከገጠር የመጣች ልጅ። እዚያው ክር ፋብሪካ ገብታለች፣ እዚያው የሌሊት ፈረቃ። ዓይኗ ደም መስሏል። ጫት ካለሽ ትንሽ፣ ሌሊት እንቅልፌን ላባርርበት ብቻ አለችኝ። የኔው ታሪክ! እንዳትነኪው ብዬ ጮህኩባት።
«ሰብልዬ፣ ምላስሽ እንደዚህ አረንጓዴ ሆኖ ነው እኔን የምትመክሪኝ?»
በሩን ድርግም አደረግኩባት። እውነቷን ነው። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
ግድግዳውን ደብድቤ ጠራኋት። ተዋዋልን። እኔ አቆማለሁ፣ እሷ አትጀምርም። ጠዋት ጠዋት ምላስ እንተያያለን። በሳቅ ሞትን።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ራሴ ሊፈነዳ ነው። ድብርት። ትናንት ያለ ጫት ሥራ ገባሁ። አቤት! የሰዉ ላብ፣ ወሬው፣ እጁ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ለካ ሥራውን ያስቻለኝ እሱ ኖሯል። ለነርሷ መልሱ ይኸው፦ ያስገባኝም ጫቱ፣ ያቆየኝም ጫቱ። ከዚያ ደግሞ ሥራው ጫቱን ይጠራል። ግን ምላሴ ንጹህ! የዘነበችም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ ጠዋት
ምላሴን አወጣሁላት። ያንቺስ? አልኳት። አፏን ገጥማ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ አለቀሰች። ትናንት የፈረቃ ጓደኞቿ ከድልድዩ ማዶ ጫት ቤት ወስደዋታል። ጀባ ሲሏት መመለስ አፈረች። ያን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጨብሲው እዚያው ጓሮ ነው፣ ጋባዥ ሰውዬም አይጠፋም።
አልተቆጣኋትም። እንባዋን ጠረግኩላት።
ዛሬም ከሰዓት ይጠብቋታል። አብሬያት እሄዳለሁ። አልቅምም። አጠገቧ ቁጭ እልና የሚዘረጉላትን ቅጠል ሁሉ እየተቀበልኩ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ። ነውር ነው ይሉኛል። ይበሉ! አቃቂ ሰፈሩ ሁሉ ስሜን ሲያነሳ የሚለኝን ብሎ ጨርሷል፤ ዛሬ ነውር የምፈራ መስዬአቸው ነው?