ከውስጥ የሚተው ጨርቅ

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ዝናብ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። በቃ፣ ቀኑ ይሄው ነው።

አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። የተሰፋውን ከአትላስ ሱቆች ይገዙና ለማጥበብ ብቻ ወደ እኔ ይመጣሉ። «ማዘር፣ ወገቡን ትንሽ።» መቼ ወለድኩህ?

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ መምህርት ሩሃማ «ካልጻፉበት ይጠፋብዎታል» ብላኝ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት እጽፋለሁ። ለማን? ለማንም። ወንድሜ ተማሪ ቤት ሲገባ እኔ ውሃ ቀዳሁ። ደብዳቤ ሲመጣ እሱ ለእናታችን ያነባል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አሁን እኔም አነባለሁ... ደብዳቤ የሚልክ የለም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሥራ መጣ! ከጴንጤዎቹ ቸርች። ፍሬ የምትባል ልጅ፣ የኳየሩ መሪ። ለሃያ አራት ሰው ጋውን፣ ወይን ጠጅ ቀለም። መስከረም 11 የኳየሩ ሃያኛ ዓመት ነው። ጨርቁን እኔው ገዝቼ፣ ሰፍቼ ላስረክብ ተስማማን።

ሁሉንም ለካኋቸው። ፍሬ አየችኝና «እትዬ ወርቅዬ፣ ሜትር የለዎትም እንዴ?» አለች።

«አለኝ። ክሩን ነው የማምነው።»

ለአንድ ሰው አንድ የፈትል ክር። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ እስከ ሁለተኛው እጅጌ፣ እስከ ሦስተኛው ቁመት። ድሮ የማንነቱን ለማወቅ ብጣሽ ጨርቅ አስርበት ነበር። አሁን ስም ጽፌ አስራለሁ። ኦላና የሚሉት ረጅሙ ልጅ «ለእኔ ክር አይበቃም፣ ገመድ ያምጡ» ብሎ አሳቃቸው። እኔንም ሊያስቀኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ክሮቹን ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልኳቸው። ሃያ አራት። ቆሜ አየኋቸው... ወሎ ሰፈር ትዝ አለኝ።

የጋሼ ገብረእዝጊ ልብስ ስፌት ቤት። ወለል ልጠርግ ነበር የገባሁት። አንድ ቀን «መስፋት ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ፊደል አላውቅም፣ ቁጥርም አላውቅም አልኳቸው። ከኪሳቸው ክር መዘዙ። «ቋጠሮ ግን ታውቂያለሽ አይደል?» አሥራ ስምንት ዓመት እሳቸው ዘንድ ሠራሁ። የበሩ ጩኸት፣ የካውያው እንፋሎት፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ... አሁን እዚያ ቦታ ላይ መኪና ይሄዳል።

የራሴን ሱቅ እዚህ ቦሌ ሚካኤል ስከፍትም አልተዉኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ የሰፋሁትን ገልብጠው ያያሉ። ፊቱን አይደለም፣ ውስጡን። ካልወደዱት ይናገራሉ። ከወደዱት ምንም አይሉም። ያን ዝምታ ለማግኘት ሳምንቱን ሙሉ እለፋ ነበር።

«ከውስጥ ጨርቅ ተዪ» ይሉኝ ነበር። «ሰው ያድጋል፣ ይወፍራል፣ ልብሱን ለልጁ ያወርሳል። ትርፍ የማይተው ሰፊ፣ ሰው ነገም ይኖራል ብሎ የማያምን ነው።»

መንገዱ ሲሰፋ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሱቃቸው ፈረሰ። መቀሳቸውን ለታዴዎስ ሰጡት። ከእኔ በኋላ ለመጣው ሠራተኛ! ከዚያ ወዲህ አልደወልኩላቸውም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ትናንት ጣሪያው አፍስሷል። ጨርቁ ተርፏል፣ ተመስገን። በቀኝ በኩል የተሰቀሉት ሰባት ክሮች ርሰው አገኘኋቸው። ካውያው አጠገብ አደረቅኳቸው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

መቁረጥ ጀመርኩ። የጨርቁ ዋጋ እሳት ሆኗል። ከመርካቶ የገዛሁት የጥቅሉ መጨረሻ ነው፣ እሱንም አብቃቅቼ። ከውስጥ ትርፍ አልተውኩም። ጋውን ሰፊ ነው፣ ማን ገልብጦ ያየዋል? የሚያይ ሰው ድሮ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

ጉድ ሆንኩ።

ሊለኩት መጡ። አሥራ ሰባቱ ልክ ነው። ሰባቱ ግን አጠረ። አራት ጣት! የኦላና ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ይታያል። «ለበዓሉ ጾም የያዝነው እኛ ነን፣ ልብሱ ለምን ከሳ?» አለ። ሳቁ። ፍሬ አልሳቀችም።

«እትዬ ወርቅዬ፣ አንድ ላይ ነው የምንቆመው። ሰባት ሰው አጥሮበት...»

«አስተካክለዋለሁ።»

«በምን? ጨርቁ አልቋል አላሉኝም?»

አትላስ ዝግጁ ጋውን የሚያከራይ አለ አለችኝ፣ በትሕትና። እስከ ረቡዕ ትጠብቀኛለች። ካልሆነ ሃያ አራቱም ይመለስብኛል። ከዚያ በኋላ ማን ያሰፋኛል? ዚፕ እየቀየርኩ ልሙት?

ፈትቼ ለማስረዘም ገለበጥኩት። ከውስጥ ምንም የለም። አንዲት ጣት እንኳን።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

ሄድኩ። አንዱን ጋውንና ክሩን በፌስታል ይዤ፣ ቦሌ አራብሳ ድረስ። ታክሲ ውስጥ ሦስቴ ልመለስ አሰብኩ። ጋሼ ከልጃቸው ከእድላዊት ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ አወቁኝ።

«ወርቅዬ። ሞታ ነው ብዬ ነበር።»

«እርስዎ ነዎት የረሱኝ።»

«ተቀመጪ። ምን አበላሽተሽ መጣሽ?»

ጋውኑን ሰጠኋቸው። ገለበጡት፣ በጣታቸው ስፌቱን ዳበሱት።

«ከውስጥ ስንት ተውሽ?»

ፌስታሉን አጣጠፍኩ።

«ምንም?»

«ጨርቅ ውድ ነው፣ ጋሼ።»

«ስምሽስ? ርካሽ ነው?»

ከዚያ ክሩን ዳበሱት። አሸተቱት ደግሞ። «ይሄ ክር ውሃ ነክቶታል። ፈትል ሲርስ ይሰበሰባል። አታውቂም?» እኔ ለካ ኦላናን ሳይሆን ዝናቡን ነው የለካሁት። ሃያ ሰባት ዓመት በክር ስሠራ አንድም ቀን ርሶብኝ አያውቅም ነበር።

«ፊደል ከተማርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድስት።»

«ክሩን የሰጠሁሽ ቁጥር እስክታውቂ ነበር እኮ። ለምን አልተውሽውም?»

ምን ልበላቸው? ክሩን ከተውኩ ከእርስዎ ምን ይቀረኛል ልበላቸው? መልሱ ሌላ ሆኖ ወጣ። «መቀሱን ለታዴዎስ ሰጡት።»

ሳቁብኝ። «ለዚህ ነው የጠፋሽው? ታዴዎስ ስጡኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። አንቺ መች ጠየቅሽ? አሁንም የመጣሽው ልብሱ ስላጠረ ነው። ሲቆረጥ ብትመጪ ኖሮ አያጥርም ነበር።»

እውነት ነው። ስጠይቅ አላውቅም። ልጅ ሆኜ «ምን ይላል ደብዳቤው?» ስል ወንድሜ ይስቅብኝ ነበር... ያኔ ነው መሰል የተውኩት።

ስነሣ እጄን ያዙ። «ሰባቱን ብቻ አትቀጥዪ። ሰባት ላይ ያለ ቅጥያ ስህተት ነው። ሃያ አራቱም ላይ ካለ ፋሽን ነው።»

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

የወርቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ገዛሁ። በሁሉም ግርጌ ዙሪያ፣ በእጅጌውም ጫፍ። በሜትር ለካሁ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ እንደ ተማሪ። በአጫጭሮቹ ጫፍ ላይ ቀጠልኩት፣ የሌሎቹን ጫፍ መጀመሪያ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ጠርዙን እኩል አደረግኩት።

ጠዋት እድላዊት ጋሼን በመኪና አመጣቻቸው። አልጠራኋቸውም... አይ፣ ጠራኋቸው። ትናንት ደወልኩ። «ይምጡልኝ» አልኩ። አንዲት ቃል አፌ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደችኝ። ወንበር ላይ ተቀምጠው የጨርቁን ጫፍ ያዙልኝ። ቀኑን ሙሉ። «እንደ ወሎ ሰፈር» አሉ አንዴ። ማሽኑን አቁሜ ዓይኔን ጠረግኩ፤ አላዩኝም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5

ፍሬ መጣች። ጠርዙን ነካ አደረገች። «ይሄን ከመጀመሪያው ለምን አልነገሩንም? ከድሮው በለጠ እኮ!» ወሰዱት።

እሑድ፣ መስከረም 11

ሚካኤል አስቀድሼ፣ በመመለሻዬ አዳራሻቸው በር ላይ ቆምኩ። ሲዘምሩ ያ የወርቅ ጠርዝ ሃያ አራቱም ላይ እኩል ይወዛወዛል። አጠገቤ የቆመች ሴት «ዲዛይኑን ማን አወጣው?» አለችኝ። «እኔ» አልኩ። ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመለስኩና «ከአስተማሪዬ ጋር» አልኳት። ሌላ ኳየር ውስጥ ናት። ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ብርዱ ገባ። ለጋሼ ኮት ልሰፋላቸው አራብሳ ሄድኩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የለካኋቸው ክር በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ አለ። ውሃ ነክቶት አያውቅም። ትከሻቸው ላይ ዘረጋሁት። ተረፈ። እጅጌያቸውም ላይ ተረፈ።

ክሩ አልተሰበሰበም። እሳቸው ናቸው።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ሜትር እየፈለግኩ ነው።»

አዲሱ ደብተር፣ የመጀመሪያው ገጽ፦ ጋሼ ገብረእዝጊ። ትከሻ 41። እጅጌ 57። ቁመት 72። ክሩን ጣይው አሉኝ። እሺ አልኩና ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ኮቱን ወሰድኩላቸው። ከመልበሳቸው በፊት ገለበጡት።

«ይሄ ሁሉ ትርፍ ምንድን ነው? ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ወርቅዬ። ከእንግዲህ ወዴት አድጋለሁ?»

«እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

በጣታቸው ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ቀስ ብለው። ሌላውንም ጎን።

ምንም አላሉም።