ለኮቱ የተተወው ቦታ

ፅጌ፣

ለብርድ ልብሱ ልትሰፊው ወለሉ ላይ የደረደርሽውን የባልሽን ሸሚዝ ቁርጥራጭ አልነካሁም። ዶሮዎቹ ገብተው እንዳይበትኑብሽ በሩን ዘግቻለሁ። መስኮቱንም አትክፈቺው፤ ንፋስ አለ።

መሃሉን ክፍት የተውሽው ጨርቅ አጥሮሽ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት አደራደሩን የነደፍሽበትን ወረቀት ሳየው መሃሉ ላይ «የሀይለመለኮት ኮት» ይላል።

ኮቱን ለልጄ አርባ ለነዳይ ሰጥቼዋለሁ።
ሳልጠይቅሽ።
ኋላ የሟች ልብስ የነዳይ ነው፣ ሰውየው ይበርደዋል ስልሽ «እኔንስ አይበርደኝም አባባ?» አልሽኝ።

ሰውየው ለንግሥ ደብረ ኤልያስ መሄዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄጃለሁ። የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው። ጋቢዬን ሰጥቼው ኮቱን እለምነዋለሁ።

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው። እንደ ትናንቱ ሳትበዪ ሥራ እንዳትሄጂ።

እስክመለስ መስፋት አትጀምሪ። ሰውየውን ካጣሁት ጋቢዬን ይዤ እመለሳለሁ። ለመሃሉ እሱ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ውበቱ