ያለ ሙያዬ ስለነካሁት ትንፋሽ

ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ ያለ ማንም እርዳታ ወጣ ገባ እንዲል፣ እርዳታ ቢያስፈልግዎ እንኳ አጠገብዎ የሚገኘው ሰው ባለሙያ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህ ዕድል ለእኔ ወንድም አልደረሰውም።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ቅጽበት ነው። ከሞተር ብስክሌት ወድቆ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት ነበር። የድንገተኛ ክፍሉ የመተንፈሻ ማሽን ቀጥ ሲል ነርሷ በእጅ ሲጨመቅ አየር የሚሰጥ የጎማ ፊኛ ከቱቦው ጋር አያያዘችና እጄ ላይ አስቀምጣ፣ "እህቴ፣ አንድ አፍታ እንዲህ ጭመቂ፣ ልቀቂ" ብላኝ ደሙ ወደሚፈስ ሌላ በሽተኛ ሮጠች። በእርሷ አልፈርድም፤ ለዚያ ሁሉ አልጋ እርሷ ብቻ ነበረች። ያቺ አፍታ ግን ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እስክትዞር አላለቀችም።

አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤትዎ "ያለ ሙያዋ የሕክምና መሣሪያ ነክታለች፤ ጉብኝትም አውካለች" ብሎ ከግቢው አግዶኛል። ጥፋቴን አምኜ ካልፈረምኩ ወንድሜን አላይም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1. ስለ "አንድ በሽተኛ፣ አንድ አስታማሚ" ደንብዎ አመሰግናለሁ። እናቴ ልትተካኝ በር ላይ ቆማ ስትለምን፣ ጥበቃው "እናቴ፣ የመግቢያ ካርዱ የልጅዎ ነው፤ እሷ ስትወጣ ይገባሉ" አላት። እንዳልወጣ እጄ ተይዟል፤ እጄን ብለቅ ወንድሜ ይሞታል። እስር ቤት እንኳ ለሰንሰለት ወጪ ያወጣል፤ እርስዎ በፊኛ ጨረሱት።

2. ሐኪሙ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቼ እንድመጣ ስላዘዘኝ አመሰግናለሁ። ሁለቱም እጆቼ ስለተያዙ ማዘዣውን በትሕትና ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና "ቶሎ በይ" አለኝ። ሮጣ የገዛችልን፣ እግራቸው ተሰብሮ አጠገባችን የተኙት አዛውንት ልጅ ናት። እርሳቸውም ክንዴ ሲዝል "ጭመቂ... ልቀቂ..." እያሉ ምቱን ይጠብቁልኝ ነበር፤ መሃል ላይ "ልጄ፣ ከተረፈሽ ለእኔም ንፊልኝ" ብለው አሳቁኝ። በሆስፒታልዎ ውስጥ ሳይበላሽ ሲሠራ ያየሁት ማሽን እርሳቸው ናቸው።

3. ከሁሉም በላይ ሆስፒታሉን ሊጎበኙ ስለመጡት እንግዶችዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ነጭ ጋዋን ደርበው፣ እነርሱን አስከትለው መጡና ወደ እኔ እያመለከቱ "ይህ የቤተሰብ ተሳትፎ ፕሮግራማችን ነው" አሉ። ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገብኝ። እኔም "ተሳታፊ አይደለሁም! ማሽናችሁ ተበላሽቶ ነው፤ የሚተካኝ ሰው ስጡኝ!" አልኩ። ጮኼአለሁ፤ አልክድም። እየጮኽኩም እጄ ምት አልሳተም። እንግዶቹ ጫማ ጫማቸውን ሲያዩ፣ ከወደ ኮሪደሩ ሌላ ማሽን እየተገፋ መጣ። ለካስ ነበረ! "ዝም አይነቅዝም" ይባላል፤ እኔ ዝም ብል ኖሮ የሚነቅዘው ወንድሜ ነበር።

ዛሬ ወንድሜ ላይኛው ፎቅ ተኝቶ በራሱ ይተነፍሳል። እናቴ እንደምትለኝ፣ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር በዚያ በሻከረ ድምፁ "እሷስ?" ይላል። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የትኛው መስኮት የእርሱ እንደሆነ እገምታለሁ። ባልፈርም የተውኩት ይመስለዋል። ብፈርም ደግሞ ነገ ፊኛ የምትታቀፈው ሌላ እህት ጥፋተኛ መሆኗ በእኔ እጅ ተጽፎ ይጠብቃታል። ወጥመዱን ላሰናዱልኝ ሰዎች ብልሃታቸውን አደንቃለሁ፤ ፊርማዬን ግን አያገኙም።

ጭመቂ ሲሏት የጨመቀች፣ ፈርሚ ሲሏት ያልፈረመች፣ የታገደችው ታዛዥዎ፣
የበሽተኛው እህት

ማስታወሻ፦ ፎቶዬን አሳድጋችሁ ኮሪደሩ ላይ እንደሰቀላችሁት፣ ከሥሩም "ቤተሰብ የሕክምናችን አጋር ነው" ብላችሁ እንደጻፋችሁ እናቴ ነግራኛለች። ፎቶዬ ያለ ካርድ መግባቱ አስደስቶኛል። ነገ በመጠየቂያ ሰዓት እኔም በሩ ላይ እገኛለሁ፤ ጥበቃው ማን እንደሆንኩ ከጠየቀኝ ግድግዳውን አይቶ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። በግድግዳዎ ላይ አጋር፣ በደብዳቤዎ ላይ ጥፋተኛ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።